የተቆለፈ በር

በቪኛይስ አደባባይ፣ ከደወሉ ማማ ሥር፣
ባንዲራ ለብሶ ቆሟል ሐውልቱ፣ የሚገለጥበትን ሰዓት ሲቆጥር።
ከንቲባው ወረቀት ዘረጋ፦
«ይህስ ለሟች አይደለም፤ መርዶ ላደረበት ደጅ፣
ለእናት፣ ለሚስት፣ አባቱን በፎቶ ላወቀ ልጅ...»

ደኦሊንዳ ከፊት ወንበር፣ ጥቁር ሻርፗን አጥብቃ፣
ቁልፍ ታገላብጣለች፣ በመዳፏ ውስጥ አሙቃ።
አሚልካር አንጎላ ከዘመተ ይኸው ሃምሳ ምናምን ዓመት፤
መርዶው መጣ፤ ሣጥኑ ግን አልመጣም፤
እሷም በሯን ቆልፋ አታውቅም።
ዛሬ ግን እንግዳ ስለሚበዛ፣ ጎረቤቷ «ቆልፊ» ብላት፣
ቆለፈች፤ ዝገቱ ጮኸ፤ አልዞር ብሎ አስቸገራት።

ባንዲራው ተገፈፈ።
ስሟ ከድንጋዩ ተነበበ፤
ሕዝቡ አጨበጨበ።
ወንበሯ ላይ የለችም።

ዳገቱን እየወጣች ነው፣ ከዘራዋን እየቀደመች፣
«ዛሬ ቢመጣስ?» እያለች።