ስሙ አፈር ገባ

ከኡዲኔ ከተማ ዳር፣ ከብስባሹ ግቢ፣ ከማጣሪያው ቀበቶ ግራ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ቆማለች ኦርኔላ፣ ከሰው ራት ትራፊ ጋራ።
እኔ በቀኟ ነኝ፤ ገና ሦስተኛ ክረምቴ፣
በጓንቴ ቀዳዳ የሚገባው ሽታ ተከትሎኝ የሚያድር እቤቴ።

የሐብሐብ ልጣጭ ያልፋል፣ የፓስታ ጓል ያልፋል፣
የሰርግ አበባ ከነሪባኑ ያልፋል፤
ከዚያ ማንኪያው ይመጣል።
በእጀታው ላይ አረንጓዴ ቅጠል፣ ከቅጠሉ ሥር አንድ ቃል፦
«ይበሰብሳል።»

መቼ? አይልም። የት? አይልም።
ግስ ብቻ ነው፤ ባለቤት የለው፣ ለማንም ቀን አይቀጥርም።
አፈር ስሆን፣ አፈር ስሆን እያለ ከመደብር ይወጣል፤
እኛ ጋ ሲደርስ መሐላውን ረስቷል፣
እንደ አጥንት ደርቆ ከወንፊቱ ጥርስ ይጋጫል።

አንድ ማክሰኞ ኦርኔላ አንዱን ኪሷ ከተተች፤
ከጓሮዋ፣ ከቀይ ጎመኑ መደብ ጫፍ፣ ቀበረች፤
በላዩ የሸምበቆ ዱላ ተከለች፣
በዱላው ላይ ቀኑን በእርሳስ ጻፈች።

በመጀመሪያው በረዶ ቆፈረችው፤ አለ።
ቼሪው ሲያብብ ቆፈረችው፤ አለ።
ጎመኑ ሁለቴ ተለቅሞ ተበላ፣ ሦስተኛው በቀለ፤
ድመቷ ሞታ አጠገቡ ተቀበረች፣
ድመቷ አፈር ሆነች፤
እሱ ግን፣ አለ።

በሦስተኛው ዓመት አወጣችው፤ ጭቃውን በአውራ ጣቷ ስታብስ
አንድ ነገር ጎድሏል። ቅጠሉ የለም። ቃሉ የለም።
ቀለሙ ነው የበሰበሰ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ሰምቼ ነበር፤
የዚህ ተገለበጠ፦ ስሙ ወረደ አፈር፣
ሥጋው ቀረ፣ ከላይ ሊኖር።
ስምንስ መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የዚህን ግን፣ እኔ እንጃ፣
አንድ የሽያጭ ክፍል ሳይሆን አይቀርም፣ ከምሳ በኋላ፣
ከመቶ ዓይነት አረንጓዴ አንዱን ሲመርጥ።

ኅዳር ላይ፣ ስለ መለያ ጽሑፍ ደንብ ሊያወጣ፣
የክልሉ ምክር ቤት ወደ ትሪየስተ ምስክር ጠራ።
የቀብር ካፖርቷን ለብሳ ሄደች፤ ማንኪያውን በመሐረብ ጠቅልላ።
የፋብሪካው ጠበቃ፣ ዶክተር ሳግራሞሮ፣ መነጽሩን ወልውሎ ተነሣ፦
«ስድሳ ዲግሪ ሙቀት፣ በቂ እርጥበት፣ አሥራ ሁለት ሳምንት።
በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል። ቃሉ የለበትም ሐሰት።»

«ሐሰት ነው አላልኩም» አለች ኦርኔላ፣ «ግማሽ ነው።
የእኔ ጓሮ ስድሳ ዲግሪ ሞቆ አያውቅም፣
ባሌ በሕይወት እያለ እንኳ።»

ሳቁ እስኪበርድ ሰብሳቢዋ መዶሻዋን ይዛ ጠበቀች።
«ታዲያ ምን ይጻፍ?» ብላ ጠየቀች።
«የት እንደሚበሰብስ። በስንት ቀን። ካልበሰበሰስ፣ ማን ይለቅመዋል?»
«ይህ ሁሉ» አለ ጠበቃው፣ «በአንድ እጀታ ላይ እንዴት ይበቃል?»
«ቦታ ከጠበባችሁ» አለች፣ «ማንኪያውን አስረዝሙታ!»

ደንቡ ወጣ። ገጽ አርባ አንድ፣ አንቀጽ ሰባት፦
ያለ ቦታና ያለ ጊዜ «ይበሰብሳል» ብሎ መጻፍ ያስቀጣል።
ከአሥራ ስምንት ወር በኋላ በሥራ ላይ ይውላል።
እስከዚያ ቀበቶው ይሄዳል፤ እጃችን ይሄዳል፤
ጠዋት ከአንድ የልደት ድግስ ብቻ አርባ ሹካ ለቀምኩ፣
ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም ባለ ቅጠል።

የኦርኔላ ማንኪያ ከምክር ቤቱ መሳቢያ ቀርቷል፤
በክር የታሰረ ወረቀት አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፦
«ማስረጃ ቁጥር አራት»።
ከተሠራ ጀምሮ የተጻፈበት የመጀመሪያው እውነት።
መልሱልኝ ብላ ሁለቴ ደብዳቤ ላከች፤
ዱላው ከመደቡ አልተነቀለም፣
እሷም መቁጠሯን አልጨረሰች።