ጥርሴን ባመመኝ ሳምንት

ኦልያው ወደብ ላይ፥ ከሰርዲን ፋብሪካው፥ ከሦስተኛው በር፣
አንገት መቁረጥ ነበር እጄ የሚያውቀው ነገር።
ቆርጦ ወደ ባልዲ፥ አጥቦ ወደ ጨው፤
ፀሐይ ስትወጣም ስትገባም የማያት በቅርፊት ውስጥ ነው።

ፌሊስቤርቶ የሚባል፥ አንድ የከሳ ሰው፣
ጫማውን በመረብ ክር ጠፍሮ ያሰረው፣
መጣና "ልሣልሽ?" አለኝ ሰኞ ጧት።
"እጄ ሥራ ይዟል" አልኩት፤
"ዓይንህን ማን ያዘው? ከፈለግህ ተመልከት።"

ልብ በሉ እንግዲህ፤ በዚያ ሳምንት እኔ፣
መንጋጋዬ ነዶ፥ አብጦ አንድ ጎኔ፣
ባሕሩ ባሕር መሆኑ፥ ሰማዩም ሰማይ፣
አልታየኝም ነበር ከአንዲት ጥርስ በላይ።
እጄን ጉንጬ ላይ ያሳረፍኩት ያኔ፣
ፀጉር ቆራጩ ኩስቶዲዮ በስንት እንደሚነቅል ሳሰላ ነው እኔ።
ስድስት ኤስኩዶ? ወይስ አምስት ተኩል?
ለአንድ ጥርስ ስንት ባልዲ ሰርዲን ይበቃል?

ቢላዬ ሲዶለዱም እኔ በድንጋይ ስስል፣
እሱ በርጩማው ላይ አንዴ ሲስል፥ አንዴ ሲስል
(ደረቱ ደካማ ነው፤ የጨው ንፋስ አይችል)፣
ሁለታችን ስንስል መሸ።
የቱ የማን እንደሆነ እግዜር ይለየው፥ ያን ሁሉ ስል።

ቆንጆዋ ኤርሚኒያ ነበረች። ሰው ሁሉ ይመስክር።
ሦስት እሑድ ሙሉ፥ በሠርግ ጉትቻዋ፥ ሳትነቃነቅ፥ ሳትናገር፣
ተቀመጠችለት። ጉትቻውን ብቻ ሣለ።
ጉትቻው ግን፥ እውነት ለመናገር፥ እስከ ዛሬ ሲያብረቀርቅ አለ።

የእኔን ሊዝቦን ወሰደው። ሰው ተሰለፈ አሉ።
ካረጀሁ በኋላ የልጅ ልጄ ወስዳኝ ቆምኩ ከነሱ መሐሉ።
አንድ ባለመነጽር ያስረዳል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ ለቅሶ ቤት ይመስል፤
"ባሏን ባሕር የወሰደባት ናት" ይላል፤ "አድማሱን ስትጠብቅ" ይላል።
ባሌን! ባሌ እኮ ያኔ ከጀርባዬ ነበር፤
በረዶ ሲያራግፍ፥ ሲያፏጭ፥ ካቦውን ሲሰድብ፥ ሲያማርር።
ልናገር አፌን ከፈትኩ። የጎደለው ጥርሴ ታየ።
ዘበኛው "እማማ፥ ከመስመሩ ወዲህ" ብሎ ከራሴ ለየኝ፥ ከሥዕሌ ለየ።

ቅዳሜ ነበር የተነቀልኩት። ደም የነካው ጨርቅ ነክሼ
ቤቴ ገባሁ፤ ሰኞ ሥራ ወጣሁ ንጹሕ ሻሽ ለብሼ።
ፌሊስቤርቶ ተመልሶ አዲስ ሸራ ዘረጋ።
"እጅሽን ጉንጭሽ ላይ" አለኝ። አደረግኩ። ልቡ አልረጋ።
"ትንሽ ወደ ግራ... ዓይንሽን አርቂ...
የዚያን ዕለቷን ሁኚ... እባክሽ አትሳቂ።"
ምን ላድርግ፤ ድኛለሁ! ሌሊቱን ተኝቼ፣
ዳቦ በሁለት በኩል አኝኬ መጥቼ፣
ከየት ላምጣው ያን ፊት? ጥርሴ ላይ ነበር፤
ኩስቶዲዮ ጥሎታል፥ ከተቆረጠ ፀጉር ጋር።

አልተቆጣኝም።
ሸራውን ጠቀለለ፤ ከጨው ጆንያው ላይ ሄዶ ተቀመጠ።
የጫማው ክር ተፈታ፤ አላሰረውም። ወደ ውሃው አፈጠጠ።
እጁ ቀስ ብላ ወጣች፤ ጉንጩ ላይ አረፈች፤
ሳያውቀው፥ እኔ እንዳደረግኩት፥ እንደዚያው ቀረች።
ምን አሞት ይሆን? ጥርስ? ዕዳ? ያ የደረቱ ነገር?
አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ያነሳት ነበር።

ባልዲዬ ሞላ። ካቦው ጮኸ። አልሰማሁም።
ስንት ዘመን ሰው አይቻለሁ፤ እንደዚያ ግን አላየሁም።
ቀለም የለኝ፥ ሸራ የለኝ፤
ድንጋዩን አነሳሁ፥ ቢላዬን ያዝኩ፤
ዓይኔን ሳልነቅል፥
እስኪመሽ፥
ሳልኩ።