ክሪስፑሎ ይቆጥራል

ቅዳሜ ማለዳ፣ ባሕሩ ሞልቶ ሳለ፣
ኖይ ክሪስፑሎ መጣ፣ ፊሽካ ባንገቱ እንዳንጠለጠለ።
የካያኮቹን ሆድ በጣቱ እየመታ፣
ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው አዳመጠ አንዳፍታ።
ቀጥሎ እኛን ቆጠረን።
አሥራ አንድ።
እንደገና ቆጠረን።
አሥራ አንድ።

ቁጥሩ ልክ መሆኑ ይመስለኛል የከነከነው፤
አምናም አሥራ አንድ ነበርን፣ ዘንድሮም ያው ነው።
ግን አምና ወንድሜ ኤሜሪቶ ነበር በዚያ ወንበር፣
ዛሬ ሚስቱ አዴልፋ ናት፤ ዋና የማትችል፣ ከኔም የማትነጋገር።
ባሕር አይደለም የወሰደው፣ ኩላሊት ነው፤
የባሕር ልጅ፣ ውሃ በማንኪያ እየተሰፈረለት ያለቀው።

እሷና እኔ ከቀብሩ ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም፤
ምክንያቱ የጀልባ ሞተር ነው፣ ሌላ ነገር የለም።
እኔ «የአባታችን ነው» አልኩ፣ እሷ «የባሌ ነው» አለች፤
ሞተሩ ላይ አንዲት ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ ፈለፈለች።

አንዱ ካያክ ተሰንጥቆ ተገኘ፣ ቦታ ጠበበን፤
ክሪስፑሎ ባለ ሁለት ሰዉን ጠቆመ፣ ዓይን ለዓይን ሳናይ ገባን።
እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እሷ በቀኝ ስትል እኔ በግራ፤
መቅዘፊያችን ቀንድ እንደገጠመ ፍየል ተላተመ በተራ በተራ።
የጥርስ ሐኪሟ ኑኒላ በሳቅ ልትገለበጥ ነበር፤
መንትዮቹ የሚስማር ነጋዴዎች አጨበጨቡ፣ የሚሉት ቢቸግር።

የኖራ ድንጋዩን ገደል ታከን በዳር በዳሩ ዞርን፤
ከታች ኮራሉ ሲታይ፣ በከተማ ጣሪያ ላይ የምንበር መሰለን።
ሰማያዊ የዓሣ መንጋ እንደ ወሬ ተበተነ፤
ኤሊ አንገቷን አውጥታ አየችን፣
ጉዳይ እንደሌላት ሁሉ ጥላን ሄደች፣ ውሃው ተከደነ።

ከወንዙ አፍ ስንገባ ሁላችንም ዝም፤
ማንግሮቩ በሺህ እግር ቆሟል፣ ግን አይራመድም።
አንድ ክንዱ የገዘፈ ሸርጣን፣ ጭቃው ዳር ወጥቶ፣
«ና» ይበል «ሂድ» ሳይታወቅ፣ ያወዛውዛል ያን ክንዱን አንስቶ።
በየእጥፋቱ ክሪስፑሎ ይዞራል፣
አሥራ አንድ ይላል፣ ይቀዝፋል፤
አንዴ ብቻ «አሥር» አለ፤ ፊቱ አመድ መሰለ፣
ፊሽካው ከከንፈሩ ተሰክቶ፣ ድምፁ የት እንዳለ!
ወዲያው የፖስታ ቤቷ ቴዮዶራ ከኒፓው ዘንባባ ጀርባ ብቅ አለች፣
«ሰው ሽንቱን እንኳ በሰላም አይሸናም?» እያለች።

ከቀትር በኋላ ጨረቃ ውሃዋን ወደ ራሷ ሳበች፤
ከባዱ የኛ ካያክ ነው፤ ሆዱን ጭቃው ላይ አስተኛች።
ቀላሎቹ አለፉ።
ድምፃቸው ከእጥፋቱ ወዲያ ቀጠነ፣ ጠፉ።
«ውረጂ» አልኩ። ከዓመት በኋላ የመጀመሪያው ቃሌ፣
«ውረጂ!»

ወረደች። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ተቀበላት፤
ሌላኛውን እግሯን ስትመዝ፣ ጫማ የለበት።
«የሱ ነበር» አለች፣ እጇን ሰድዳ እየዳሰሰች።
በባሏ ጫማ ነበር ለካ የመጣች፤
እኔ ደግሞ ጠዋት አይቼ፣ እግሯ ሰፋ ብዬ ነበር በሆዴ።

እስከ ብብታችን ማስን፣ ሁለታችንም ተንበርክከን፤
ሥር አገኘን፣ የበሰበሰ ገመድ አገኘን፣ ጫማውን አላገኘን።
ሸርጣን ጣቴን ነከሰኝ፤ አንድ የማይጻፍ ስድብ ከአፌ ወጣ፤
ኤሜሪቶ ነው ያስተማረኝ፣ ልጆች ሳለን፣ እናታችን ገበያ ስትወጣ።
ሳቀች።
ቆየችና፣ ካያኩን ከኋላ እየገፋች፣
«ሞተሩን ውሰደው» አለችኝ።
«ዶሮዋስ?» አልኩ።
«ዶሮዋን አልሰጥም» አለችኝ።

ከወንዙ አፍ ስንደርስ ሰው ሁሉ ከአሸዋው አርፎ፣
ሩዝ ይበላል በዘንባባ ቅጠል የታሰረ፣ ጫማውን አራግፎ።
ክሪስፑሎ ብቻ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሟል፣
ጣቱ አየር ላይ፣ ዘጠኝ ላይ፣ እንደ ቆመ ሰዓት ደርቋል።
አየን፤ ጣቱን አወረደ ቁጥሩን ሳይጨርሰው፤
«ሩዙ ሳይቀዘቅዝ ብሉ» አለን።
ከቀዘቀዘ የቆየ ነው።