የወረቀት ውፍረት

ከድርቆሽ ቤቱ ሥር ጂኤምሲው ተኝቷል፣
አረንጓዴው ቀለም እንደ ቅርፊት ተልጧል፣
የበሩን ነጭ ኮከብ ዝገት ጨርሶታል።
አባቴ ከጦሩ በጨረታ ገዝቶት፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግንድ አመላልሶበት፣
ሲሞት ለእኔ ተወው፣
ቁልፉን ከነሚስማሩ፣ ዕዳውን ከነደብተሩ።

ሲግሩን ነው ስሜ፤ በኡስተርዳል ዳገት
ዛፍ መጣል ቀላል ነው፤ ጭንቁ ነው መጎተት።
ፈረሱ አረጀብኝ፣ ትራክተር አይወጣም፣
ባንኩም በልመና እንደ በረዶ አይቀልጥም።
እናም እንዲህ አልኩኝ፦ ይህ ሞተር ከሠራ፣
ለምን ጎማ ብቻ? ዊንችም ያዙር በተራ።

ከካምቢዮው ጎን ላይ አንዲት ክዳን አለች፣
በስድስት ቡሎኖች ታስራ የከረመች።
የፋብሪካው ሰዎች ጦሩን ሲያዘጋጁ፣
በጥድፊያው መካከል ጠባብ በር አበጁ፣
ኃይል በጎን ወጥቶ ሌላ ሥራ ቢሻ።
አርባ ዓመት ቆየ፣ ማንም ሳያንኳኳው።

የኃይል ማውጫው ከፊንላንድ ነው፣
እሳት ሊያጠፋ ሄዶ ራሱ ከነደደ መኪና የተፈታ፤
በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ እንደ ዓሣ፣ በፖስታ መጣ።
ጥርሱ ሙሉ ነው፤ አንዱም አልጎደለ።

ዘይቱን ቀዳሁት። ብርዱ አርግቶት ኖሮ፣
እንደ ሬንጅ ተሳበ፣ እንደ ድር ተዳውሮ።
አምስቱ ቡሎኖች እያቃሰቱ ወጡ፤
ስድስተኛው እምቢ። አሞቅኩት፣ ቀጠቀጥኩት፣
ፓስተሩ ቢሰማ የሚያፍርበትን ቃል አልኩት፤
ወጣ።

የእንጨት መሰንጠቂያው አንድ ጆሮ ወስዶ፣
አንዱን የማረለት ሃልቭዳን ከማዶ
በስኪ ተንሸራቶ መጣልኝ ሊያዳምጥ።
የካቻቢቴውን ጫፍ ከካምቢዮው፣
እጀታውን ከጆሮው አስደግፎ፣
ዓይኑን ጨፈነ።

ያለ ወረቀት ገጠምን፤ ጮኸ፣ ቀጭን ጩኸት።
«ተጣብቀዋል» አለኝ፣ «የለም መተንፈሻ ክፍተት።»
ሦስት ወረቀት ደረብን፤ ተንኳኳ፣ ተንጓጓ።
«አሁን ደግሞ ተራርቀው በጥፊ ነው የሚነጋገሩ።»
ሁለት አደረግን፤ አፏጨ።
«ሁለትና አንዲት ስስ» አለ፣
አውራ ጣቱን ከጠቋሚው እያሻሸ።

የቀን መቁጠሪያው ወፈረ። የባንኩ ደብዳቤ
ሳስቶ ተቀደደ፤ ሃልቭዳን ሳቀ።

ከሾፌሩ ወንበር፣ ከቆርቆሮው ስንጥቅ፣
አንዲት ካርድ ወጣች፣ ቢጫ፣ እንደ ቅጠል ደረቅ።
በእርሳስ እንዲህ ትላለች፦ «ፐርቪስ። ጥር ስምንት።
ዘይት ተጨመረ። ሦስተኛው ማርሽ ያጉረመርማል። በረዶ።»
ከበረዶው ወዲያ መስመሮቹ ባዶ።

ሃልቭዳን ዳበሳት፤ «ይቺ ናት ልኳ» አለ፤
የተጻፈውንም ሊያውቅ አልቸኮለ።
መቀሱን ይዤ ቆየሁ።
ይህን ሰው አላውቀው፤ ከየት እንደመጣ፣
ከዚያ በረዶ ውስጥ ይውጣ ወይ አይውጣ።
መሳቢያ ባስገባት፣ አይጥ ነው የሚያነባት።
ቆረጥኳት።
ስድስት ቀዳዳ በመዶሻ በሳሁባት፤
አንዱ «ጥር» ላይ አረፈ። ግሪስ ቀባኋት፣
ስሙን ወደ ውስጥ፣ ወደ ጥርሶቹ አዙሬ
ገጠምኳት።

ቡሎኖቹን በመስቀለኛ ተራ አጠበቅን።
ሞተሩን አስነሳሁ፤ ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ ዘንጉን ሳብኩ።
ጩኸት የለም፣ ኳኳታም የለም፤
አንዱ ሲናገር ሌላው እንደሚያዳምጥ ሁለት ሽማግሌ
ማርሾቹ ያወራሉ።
ሃልቭዳን ካቻቢቴውን ከጆሮው ሳያነሳ ቆየ።
«ሦስተኛው» አለ በመጨረሻ፣ «ያጉረመርማል።»
«አውቃለሁ» አልኩት። «ተነግሮኛል።»

በማግስቱ ገመዱ ከዳገቱ ተወጠረ፣
ጥዱ በረዶውን እያረሰ ወረደ፣
ከኋላው ረጅም ቦይ ቀረ።
ማታ በእጅ ባትሪ ከሥሩ ገብቼ ሳይ፣
ከወረቀቷ ጠርዝ አንዲት የዘይት ጠብታ ወጥታለች፣
ግራጫ፣ እርሳስ የመሰለች።
መፍቻውን አነሳሁ።
መልሼ አስቀመጥኩት።