ልቤን ልብ ሳልለው

ባሕሩ ሲሸሽ ነው እርሻችን ሚታየው፣
ጭቃና አሸዋ፣ እስከ አድማስ ያለው።
እኛ የካምባዶስ ሴቶች ጎንበስ ብለን፣
ዛጎል እንለቅማለን አሸዋውን ጭረን፣
ወገብ የሚሉትን እቤት ትተን መጥተን።

ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ቅዝቃዜ፣
ባልዲ ሞልቻለሁ፣ መች ቆጥሬ ጊዜ።
ቦት ጫማ እስከ ጭኔ፣ መጫሪያ በእጄ፣
ለጥርስ ለደብተሩ ከፍዬ ለልጄ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በዚያ በኅዳር፣
ስተኛም፣ ስነሣም ድክም ብሎኝ ነበር።
ደረጃው አሥራ አራት፣ ሁለቴ አረፍኩበት፤
“እርጅና ነው” አልኩኝ፣ ስም አወጣሁለት።
ጀርባዬን ሲወጋኝ፣ በትከሻዬ መሐል፣
“መጫሪያው ነው” አልኩኝ፣ “ሥራ መቼ ይምራል።”
ሲያቅለሸልሸኝም ሰርዲኑን ወቀስኩት፣
የትናንት ራቴን፣ ምስኪኑን ወነጀልኩት።
ለሁሉም ሰበብ ነበረኝ፣ ለሁሉም መላ፤
ልቤን ልብ አላልኩትም እንጂ፣ ከዚያ ሌላ።

የልብ ሕመም ምን እንደሚመስል ዐውቅ ነበር።
በፊልም አይቻለሁ፦
ከረባት ያሰረ ሰውዬ ደረቱን ጨብጦ
ከነወንበሩ በጀርባው ሲወድቅ።
እኔ ከረባት የለኝ።
ደረቴ ላይም የነበረው
ሳይጠይቀኝ የተቀመጠብኝ ሰው ዓይነት ነው፤
ሕመም አልለውም።
ክብደት።

ያን ዕለት ነፋሱ ከሰሜን ይነፍሳል፣
ፊቴ ግን በላብ ርሷል።
ግራ አገጬን፣ እስከ ጆሮዬ ሥር፣
ይዞ ይጎትተኛል እንደ ጥርስ ያለ ነገር።
ኢሪያ፣ የሁላችን ታናሽ፣ ገና ሁለተኛ ክረምቷ፣
መጫሪያዋን ተደግፋ አየችኝ በዝምታ።
“ኦብዱሊያ፣ ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ።”
“ጥርሴ ነው፤ ቅርንፉድ ይዤበታለሁ፤ ተሻለ።”

“የቱ ጥርስሽ?”

ጣቴን ሰደድኩ ወደ አፌ።
ግራ። ታች። ወደ ኋላ።
ድድ ብቻ።
ያመመኝ ጥርስ የለም፤
ካስነቀልኩት ሦስት ዓመቱ።

ተያየን።

“ቁጭ በይ” አለች።
ባልዲው አልሞላም አልኩ፣ ባሕሩ እየመጣ ነው፣
ምሳ አልሠራሁም፣ አማሮ ይርበዋል፣
ከሰዓት ጋደም ብዬ አየዋለሁ።
“አክስቴ ዶሲንዳም ምሳ ልትሠራ ነበር የሄደችው”
አለች። ሌላ አልጨመረችም።
ስልኳን ከፕላስቲኩ አውጥታ አምቡላንስ ጠራች፤
“ሴት ናት፣ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ፤
አገጯን፣ ጀርባዋን፣ ያልባታል፣ ያቅለሸልሻታል፤
ልቧ ነው።”
ሦስት ሳምንት የተቀኘብኝን ቅኔ
በአንድ ትንፋሽ ፈታችው።

ሐኪሟ “ትንሽ ብትዘገዪ” ብላ ጀመረች፤
አልጨረሰችውም።
አማሮ ኮፍያውን በጣቶቹ እያሽከረከረ
“ጥርሴን ነው ያለችኝ” ይላል ለግድግዳው፣
“ጥርሴን ነው ያለችኝ።”

አሁን በየማለዳው፣ ከመውረዳችን በፊት፣
“ደህና ነሽ?” አልልም፤ ደህናማ ሁሉም ናት።
“ደረጃው ላይ ስንቴ አረፍሽ?” እላለሁ፤
“የቱ ጥርስሽ?” እላለሁ።
ይስቁብኛል።
ይሳቁ፤ ሲስቁ ትንፋሻቸውን እሰማለሁ።

ያ ባልዲ?
ማንም አላነሣውም።
ባሕሩ መጥቶ ገለበጠው፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ከለቀምኩት ሁሉ
የዚያን ቀኑ ብቻ
ወደ ቤቱ ተመለሰ።