የማያስለው አጫሽ

ከሜክሲኮ ወርዶ፣ ልደታ ሳይደርስ፣
ባቡሩ ከላይ፣ ታክሲው ከሥር ሲተራመስ፣
ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ አንድ አዳራሽ ነበር፤
ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩበት አገር።

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ፣ «ጥጥ እለካለሁ» እል ነበር።
ጥጥ እንኳ አይደለም። ከእንጨት ነው የሚወጣው፣
በአሲድ ሟሙቶ፣ በክር ተስቦ፣ በቦንዳ ታስሮ የሚመጣው፤
ማሽኑ ያፍታታዋል፣ ጣፋጭ ላብ ይረጭበታል፣
በነጭ ወረቀት ጠቅልሎ እንደ ጧፍ ያወጣዋል።

እኔ የማውቀው ልኩን ነው። ሃያ ሰባት ሚሊሜትር።
ከጠበቀ አየር እምቢ ይላል፤ ከላላ ጭሱ ይሮጣል።
ከመቶው አንዱን አንሥቼ፣ በመለኪያው አስገብቼ፣
«ልክ ነው» እላለሁ፣ ቅጹ ላይ ፈርሜ፣ ቀኑን አስፍሬ፣ ትቼ።

ከንፈር የሚነካው ቢጫው ወረቀት
የቡሽ ሥዕል ነው እንጂ ቡሽም የለበት፤
እንጨቱ ጥጥ መስሎ፣ ወረቀቱ እንጨት፣
ሁሉም የሌላውን ልብስ ለብሶ የሚወጣበት ቤት።

ቢጫው ላይ ቀዳዳ አለ፣ ለዓይን የማይታይ።
መርፌ አይደለም የበሳው፣ ብርሃን ነው ከላይ፤
ንጹሕ አየር ይግባበት፣ ጭሱ ይቅጠን ተብሎ፣
እንደ ነጋዴ ወተት፣ ውሃ ተቀላቅሎ።

ፎቅ ላይ፣ በመስታወት ክፍል፣ አጫሹ ይኖራል።
ሃያ አፍ አለው። በደቂቃ አንዴ ይስባል።
ሁለት ሰኮንድ። ያቆማል። ደግሞ ይስባል።
አያስልም። ሻይ አያዝም።
ሐዘን የለው፣ ዕዳ የለው፣ ሌሊት ባንኖ ክብሪት አይዳስስም።
የሳበው ሁሉ በክብ ወረቀት ተመዝኖ
ቁጥሩ ይወርድልናል፣ «ስምንት» ወይ «ሰባት» ሆኖ።
እኛም እናምናለን። ቁጥር የማያምን ማን አለ?
ዘውገ ብቻ ይስቅ ነበር፣ «ጣት የለውም እኮ!» እያለ።

ዘውገ ባሌ ነው። የዚያው ማሽን መካኒክ።
ሲያጨስ፣ ሲጋራውን የሚይዘው ከሥሩ፣ ከቢጫው ነው፤
እዚያው ቀዳዳው ካለበት፣ እሱ ራሱ ካስተካከለው።
ግማሹን በሁለት ጣቱ ይደፍነዋል፣ የቀረውን በከንፈሩ።
ያውቅ ነበር ወይ? ያውቅ ነበር።
ጣቱ ግን አያውቅም።

ጡረታ ስወጣ የእህቴ ልጅ ብሥራት ከዱባይ አመጣ
እስክሪብቶ የሚመስል፣ ቻርጅ የሚደረግ፣ ጭስ የማያወጣ።
«አክስቴ፣ ይኼ አይነድም፣ ይሞቃል እንጂ» አለኝ።
አንዷን ፍሬ ተቀብዬ በምላጭ ሰነጠቅኳት፤ ዓመሌ አላስቻለኝ።
ቅጠሉ እንደ ወረቀት ተዳምጦ፣ እንደ ቀሚስ ሽንሽን ታጥፎ፣
ቀጥሎ ባዶ ቱቦ፣
ቀጥሎ ማቀዝቀዣ ላስቲክ፣
መጨረሻ ላይ፣
«አንቺም እዚህ አለሽ?» አልኳት ነጯን፣ የጥንት ባልንጀራዬን።
ለካኋት። አጥራለች።
ሁላችንም አጥረናል።

ዛሬ ጥቁር አንበሳ፣ ዘውገ በጎኑ ተኝቷል።
ሐኪሟ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ታነሣለች፣
«በቀን ስንት?» ትላለች።
«አንድ ፓኮ።» ከዚያ፣ «ፊልተር ያለው ነው» ይላል ደግሞ፣
እሾህ የወጋው ልጅ «ጫማ አድርጌ ነበር» እንደሚል ቆሞ።
እሷ ዝም። እኔ ዝም።
የጣቶቹ ቢጫና የቡሹ ቢጫ፣ አንድ ዓይነት ቀለም።

መድኃኒት ፍለጋ ወረድኩ። በር ላይ ሱቅ በደረቴው
ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ሲጋራ በፍሬ ይሸጣል ለአስታማሚው።
ዝናቡ አባርቷል። ቦዩ ጫፍ ላይ ተሰልፈዋል፣
ወረቀታቸው ተልጧል፣ ነጭነታቸው ጠይሟል።
ጥጥ ቢሆኑ በበሰበሱ።
ጎንበስ ብዬ አንዱን አነሣሁ፤ ሰው አየኝ፣ ይየኝ።
በአውራ ጣቴ ላይ፣ ከጥፍር እስከ አንጓ አጋደምኩት፣
ማስመሪያም አላስፈለገኝ።

ሃያ ሰባት።
ልክ ነው።