የቃለ ጉባኤው እርማት

በወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ፣ ማታ አሥራ ሁለት ተኩል ሲል፣
የሄምሎክ ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት ቦርድ ይሰየማል፤
አምስት ወንበር፣ አምስት ብርጭቆ፣ አንድ የእንጨት መዶሻ፣
ከዳር እኔ፣ ቃል ለቃሚ፣ ከመክፈቻ እስከ መጨረሻ።

ሥራዬ ይህ ነው፦ የተወሰነውን እጽፋለሁ፣
የተተነፈሰውን እተዋለሁ።
“ሐሳብ ቀረበ፤ ተደገፈ፤ ሦስት ለሁለት ጸደቀ።”
ማን አንገቱን ደፋ፣ ማን በጎን ሳቀ፣
ማን ብርጭቆውን ሳይጠጣ አምስቴ አነሣ፣
ቃለ ጉባኤ አይሸከምም የማንንም አበሳ።

የዚያን ማታ በረዶ ነበር። አጀንዳ ቁጥር ስድስት፦
የበርች ፖይንትን ቅርንጫፍ ስለ መዝጋት።
ጣራው ያፈሳል፤ ከልብ ወለዱ መደርደሪያ ሥር ባልዲ ይቀመጣል፣
ሲሞላ ይደፋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሞላል።
ገንዘብ ያዡ ፕሩሲንስኪ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣
አሃዝ ይወዳል እንጂ መጽሐፍ ጠልቶ አያውቅም፤
“በቀን አሥራ አንድ ሰው” አለ፣ “ለአሥራ አንድ ሰው ጣራ
ስንከፍል፣ የአራቱ ቅርንጫፍ መብራት በምን ይብራ?”
መልስ የሰጠው አልነበረም። እኔም መልስ አልነበረኝም፤
ቢኖረኝስ? ጸሐፊ ነኝ፤ ድምፅ የለኝም።

የሕዝብ አስተያየት ሦስት ደቂቃ፣ ለአንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፤
ሰዓቱ የወጥ ቤት ነው፣ የእንቁላል፤ አያውቅም ትካዜ።
ተነሣ አንድ ሽማግሌ፣ ትከሻው እንደ ግንድ የሰፋ፣
አርባ ዓመት ዛፍ የቆረጠ፣ አንድ ጣቱ በመጋዝ የጠፋ።
አልለመነም፣ አልተቆጣም። የእኛኑ ደንብ ከኪሱ አውጥቶ
ያነብ ጀመር፣ የቀረ ጣቱን ከቃሉ ሥር ዘርግቶ፦

“አባላቱ... ይህን ንብረት... የሚይዙት...
ለራሳቸው...”
(እዚህ አረፈ። ማንም አልሳለም። መስኮቱን በረዶ ነካካው።)
“...ሳይሆን... በአደራ... ስለ... ነዋሪው...”

ደወሉ ጮኸ።

ዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ አንቀጹን ሳያገኝ ቀረ፤
ሽማግሌው ጣቱን ከቦታው ሳያነሣ ዞረ።
ቀጥላ የተሰለፈችው ማይ ዬር፣ ልጅ ያዘለች፣
“የኔን ሦስት ደቂቃ ለእሱ” አለች።
ሰብሳቢዋ ስትሮምበርግ ደንቡን ገለጠች፦ “ደቂቃ አይተላለፍም፤
ዛሬ ለአንዱ ብንፈቅድ፣ ነገ ማንንም አንከለክልም።”
ልክ ነበረች። ደንብ ደንብ የሚሆነው ለወደዱትም ሲከብድ ነው፤
መዶሻው ላይ እጇ መንቀጥቀጡን ግን ቃለ ጉባኤው አላየው።

ማይ ዬር በገዛ ደቂቃዋ ወደ ማይክራፎኑ ሄደች፣
ሽማግሌው ጣት ሥር ያለውን ወረቀት ጎንበስ ብላ አየች፣
“ነው” አለች።
ተቀመጠች።

ሦስት ለሁለት፤ ጉዳዩ ለጸደይ ይደር ተባለ።
ጣራው ግን ይደር አያውቅም፤ ሌሊቱን ሲያፈስ ዋለ አደረ፣ ቀጠለ።
እኔ የጻፍኩት አንድ መስመር፦ “ሁለት ነዋሪዎች፣ ኤስኮ ቪላና
ማይ ዬር ሎር፣ አስተያየት ሰጡ።” በቃ። ከዚያ “ስብሰባው ተዘጋ” ነውና።

በወሩ፣ “እርማት ያለው?” ለወጉ ያህል ተጠየቀ፤
ይህን ጥያቄ የመለሰ የለም፣ ቦርዱ ካለ፣ ከጸደቀ።
ከኋላ፣ እርጥብ ካፖርት ከሚሸትበት፣ ያ ሰው ቆመ፤
ወረቀቱን ዓይኑ ሥር አድርጎ፣ ጣቱ አንድ ቃል ላይ ከረመ፦
“ስሜ ቪሆላ ነው። ‘ሆ’ አለበት። እዚህ ግን የለም፤
ቪላስ ኖሮኝ አያውቅም።”

አዳራሹ ሆ ብሎ ሳቀ፤ ስትሮምበርግ እንኳ ሳቀች።
“እርማት የሚያቀርበው አባል ብቻ ነው” አለች፣ መለሰች።
“እኔ አቀርባለሁ” አለ ፕሩሲንስኪ፣ ካልኩሌተሩን ገፍቶ፤
አምስት ለዜሮ። እኔም አስገባሁት፣ በጠባቧ ክፍተት፣ በቀይ እስክሪብቶ።

በስልሳ አንድ ዓመቱ ፊደል የቆጠረው ከዚያ ባልዲ ጎን መሆኑን
የነገረችኝ የቅርንጫፉ ሠራተኛ ናት፣ ስትዘጋ መስኮቱን።
ውጪ በረዶው መቅለጥ ጀምሯል፤
ማለት፣ ባልዲው ቶሎ ይሞላል።